የአራተኛው ሳጥን መልስ

ከሰዓት በኋላ ነበር። አውቶቡሱ ፀሐይ ሲጠብሰው ውሎ ውስጡ እንደ ምድጃ ግሏል። ከፊቴ ባለው ወንበር ላይ አንድ ሽማግሌ እንቅልፍ ጥሏቸው ራሳቸው ወደ መስኮቱ ዘንበል ብሏል። መጋረጃ የለም፤ ጨረሩ በቀጥታ ፊታቸው ላይ ያርፋል። ሰማያዊ ቱታ የለበሰች፣ የመሣሪያ ቦርሳ በትከሻዋ ያንጠለጠለች ሴት አጠገባቸው ቆማለች። ከቦርሳዋ ጠፍጣፋ ካርቶን መዘዘችና ፀሐዩን ከለለችላቸው።

ለትንሽ ጊዜ መስሎኝ ነበር። ክንዷ ሲዝል እጅ ትቀይራለች፤ አውቶቡሱ ሲታጠፍ ካርቶኑን አብራ ታዞራለች። ከኋላ ወንበር ሲለቀቅ እንኳን ሄዳ አልተቀመጠችም። ሽማግሌው መጨረሻው ፌርማታ ላይ ነቅተው፣ ማን ምን እንዳደረገላቸው ሳያውቁ፣ ዓይናቸውን እያሹ ወረዱ።

እኔም እዚያው ወራጅ ነበርኩ። "አባትሽ ናቸው እህቴ?" አልኳት።

"ኧረ አይቻቸውም አላውቅ!" ብላ ሳቀች። "እንዲያውም መውረጃዬ ካለፈኝ ቆይቷል።"

"ታዲያ?"

"ምን ላድርግ? የተኛ ሰው ሞቀኝ ብሎ አይናገርም። የእኔ ሥራ ደግሞ የማይናገር ነገርን ሞቀህ ወይ እያሉ መጠየቅ ነው።"

እንዲህ ያለ መልስ ሰምቶ ዝም ብሎ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ካለ፣ እኔ አይደለሁም። ወደ ኋላ የሚመልሰውን መንገድ አብሬያት በእግር ሄድኩ። ቤቷ በር ላይ ስንደርስ "ባለቤቴ ሰው ሲመጣለት ደስ ይለዋል፤ ይግቡ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ወዳጆቼ ናቸው። ታሪኩን በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እያሉ ነገሩኝ፤ አንድ ቀንም ፈቃድ ተጠይቆልኝ የሥራ ቦታዋን በዓይኔ አየሁ።

የምትሠራው ለከተማው ውሃ በሚገፋ የፓምፕ ጣቢያ ነው። እዚያ "ራዲዮ" ይሏታል፤ በስሟ የሚጠራት የለም። ቅጽል ስሙን ያወጣላት ታናሽ ወንድሟ ነው፤ እሱም እዚያው የፈረቃ ኤሌክትሪሺያን ነው። ለምን ራዲዮ እንደተባለች ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ መጀመሪያ ክፍሉን ላሳያችሁ።

ከፓምፖቹ አዳራሽ ጎን አንድ ረጅም ክፍል አለ። በውስጡ ከሰው ቁመት የሚበልጡ ግራጫ የብረት ሳጥኖች ትከሻ ለትከሻ ተሰልፈዋል። ከውጭ የሚመጣው ከፍተኛ ኃይል ለየፓምፑ የሚከፋፈለው በእነሱ በኩል ነው። በየሳጥኑ ውስጥ መዳፍ የሚያህል ስፋት ያላቸው የመዳብ ዘንጎች በብሎን ተጋጥመዋል። ፓምፑ ሲያንቀጠቅጠው የከረመ ብሎን ይላላል። የላላ መጋጠሚያ ይግላል። የጋለው ደግሞ ካልተደረሰለት አንድ ቀን ይፈነዳል። ስለዚህ የዚያ ክፍል ሠራተኛ ትልቁ ጥያቄው አንድ ነው፤ የማይነካውን ነገር ሙቀት እንዴት ይወቅ?

ባሏም የዚያው ጣቢያ ኤሌክትሪሺያን ነበር። በእሱ ጊዜ ሙቀት የሚታወቀው በሻማ ነበር። ኃይሉ ሳይቋረጥ በሩ ይከፈታል፣ መከለያው ይነሳል፣ ከረጅም ደረቅ እንጨት ጫፍ ላይ የተሰካ የሻማ ቁራጭ መጋጠሚያውን ነካ ያደርጋል። ሻማው ከቀለጠ መጋጠሚያው ታሟል ማለት ነው። ብዙ ዓመት እንዲህ ተሠርቷል። አንድ ቀን ግን ባልየው እንጨቱን ይዞ ፊት ለፊት እንደቆመ መጋጠሚያው ፈነዳ። ፈጣሪ ይመስገን፣ ነፍሱ ተርፋለች። ጣቶቹ ግን ከዚያ ወዲያ አይታጠፉም።

እሱ ይህንን ሲያወራ እንኳን ይቀልዳል። "ከቤቱ ሥራ ሁሉ የቀረልኝ ማዘዝ ብቻ ነው" አለኝ።

"እሱንስ ድሮም አላጣኸውም" አለች ሚስቱ፣ ብርጭቆውን ወደ ከንፈሩ አስጠግታ።

ሻማው ከዚያ በኋላ ቀረ፤ ምትኩ ሙቀት የሚያሳይ ካሜራ ሆነ። ካሜራ ግን መከለያ አልፎ አያይም። አሁንም ኃይሉ እያለ ሳጥኑ መከፈት፣ መከለያው መነሳት፣ ሰውም ፊቱ መቆም አለበት። "ሻማው ወደ ካሜራ ተቀየረ እንጂ ሰውየውማ እዚያው ቆሟል" ትላለች ራዲዮ። እሷ ያኔ የሞተር ጥገና ክፍል ውስጥ ነበረች። ባሏ ከሆስፒታል በወጣ ሰሞን፣ አንድም ሰው ኃይል ካለው ሳጥን ፊት እንዳይቆም የሚያደርግ ነገር እስኪገኝ አላርፍም ብላ ለራሷ ቃል ገባች። ለአለቃዋ ነገረች፣ ጠየቀች፣ ጨቀጨቀች። የጥገናው ኃላፊ ኢንጂነርም ሲያፈላልግ ቆይቶ ሙቀት የሚለኩ ትንንሽ ሴንሰሮች አስመጣ፤ ተከላውንና ክትትሉንም ለእሷ ሰጣት።

አንዷን ትርፍ ሴንሰር መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ከክብሪት ቀፎ ታንሳለች።

"ባትሪዋ የት ነው?" አልኳት።

"የላትም።"

"ሽቦዋስ?"

"እሱም የላትም።"

"ታዲያ በምን ትሠራለች?"

"ሲጠሯት ነው የምትሠራው። ካልጠሯት ድንጋይ ነች።"

ውስጧ ስስ ክሪስታል አለ። በሳጥኑ ውስጥ የተተከለ አንቴና አጭር የራዲዮ ሞገድ ይልካል። ክሪስታሉ ሞገዱን ሲቀበል በገጹ ላይ ደቃቅ ንዝረት ይሮጥበታል፤ ኩሬ ላይ ጠጠር ሲጥሉ ውሃው ላይ እንደሚሄደው ቀለበት ማለት ነው። ያንኑ ንዝረት ወደ ራዲዮ ሞገድ ለውጦ መልሶ ይልከዋል። ክሪስታሉ ሲሞቅ የመልሱ ቃና ይለወጣል፤ የሙዚቃ መሣሪያ ክር ሙቀት ሲያገኘው እንደሚረግብ። አንባቢ የሚባለው መሣሪያ ያችን ለውጥ ሰምቶ "ይህን ያህል ዲግሪ" ብሎ በመስኮቱ ላይ ይጽፋል። ሴንሰሯ መዳቡ ላይ ታስራ ትኖራለች፤ ሰውዬው ከተዘጋው በር ውጭ ሆኖ ያነባል። ፈጣሪ ድንጋይ ውስጥ እንኳን መልስ አስቀምጧል ብዬ በልቤ አመሰገንኩ።

ለዓመታዊው ጥገና ኃይል በተቋረጠ ጊዜ ሴንሰሮቹን በየመጋጠሚያው አሰረቻቸው። ከዚያ በኋላ አንባቢውን ይዛ ከሳጥን ሳጥን ስትዞር ወንድሟ አይቷት "ዛሬ ምን ዜና አለ ራዲዮ?" አላት። ስሙ በዚያው ተጣበቀባት።

ሁሉም ሳጥን በጨዋነት ይመልስ ነበር፤ አራተኛው ሲቀር። የአራተኛው ሳጥን ፓምፕ የሚነሳው ከሰዓት በኋላ፣ የከተማው የውሃ ጋኖች በሚሞሉበት ሰዓት ነው። ጠዋት ፓምፑ ሲያርፍ ቁጥሩም ያርፋል። ከሰዓት በኋላ ግን አንዴ አርባ ይላል፣ አንዴ ሰማንያ፣ አንዳንዴ ጭራሽ ዝም። ደመና በሆነ ቀን ደግሞ ሰማንያ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

"ሲዘልም ይዋሻል፣ ሲቆምም ይዋሻል" አለ ኢንጂነሩ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሴንሰሮቹን ያስመጣውም እሱ ነው። "አየሽ ራዲዮ፣ የማይታመን ዘበኛ ከማጣት ይብሳል፤ ሰው እሱን አምኖ ይተኛል። እስከ ወሩ መጨረሻ ካላስተካከልሽው ሁሉንም እናነሳለን።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ካሜራው አለ።"

ልትከራከረው አልቻለችም፤ ያለው እውነት ነው። ካሜራውን ይዞ ሳጥን የሚከፍተው ደግሞ የፈረቃው ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ወንድሟ። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን ልትወልድ ቀኗ ደርሷል።

"አታስቢ እትዬ" አላት ወንድሟ፤ "እኔ ፈጣን ነኝ። ከመፈንዳቱ በፊት ዘግቼው እሄዳለሁ።"

"ባሌም ፈጣን ነበር" አለችው።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወገቧን ታጥቃ ተነሳች። አንባቢውን በሌላ ቀየረች፤ ያው ነው። ከአንቴናው ወደ አንባቢው የሚመጣውን ገመድ ቀየረች፤ ያው ነው። ሴንሰሯን ራሷን ለመቀየር የሳጥኖቹ ሁሉ ኃይል መቋረጥ አለበት፤ ላልታመነ ቁጥር ብሎ ከተማውን ውሃ የሚከለክል ደግሞ የለም። ወንድሟ "ይሄ ሳጥን ከምሳ መልስ ጠጥቶ ነው የሚገባው" እያለ ያበሽቃታል። ባሏ ማታ ማታ ያዳምጣታል እንጂ ተይው ብሏት አያውቅም። "ከቁጥሩ ይልቅ ቀኑን ተከታተዪ፤ እሱ በሚረበሽበት ሰዓት ሌላ ምን ይሆናል?" አላት አንድ ቀን።

ቀኑን መከታተል ጀመረች። ደመና ሲሆን ይረጋል፤ ፀሐይ ሲበረታ ይረበሻል። እንግዲያው የአየሩ ሙቀት ነው ብላ ልትደመድም ስትል፣ ድንጋይ በሚያቀልጥ ፀሐይ ቁጥሩ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ቀጥ ብሎ ዋለ። ግራ ገባት። ያን ቀን ምን የተለየ ነገር ነበር? አሰበች፣ አሰበች። የተለየ ነገር ቢኖር አንድ ሰው መቅረቱ ነው፤ የፓምፑ ኦፕሬተር የልጅ ልጃቸውን ሊድሩ ሄደው ነበር።

ኦፕሬተሩ በጣቢያው በዕድሜ የሚበልጣቸው የለም። "ጋሼ ማራገቢያ" ይባላሉ፤ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማራገቢያቸውን ከጎናቸው ስለማይለዩ። ራዲዮ ወዲያው አገኘሁት አለች። የማራገቢያው ሞተር ነው ሞገዱን የሚረብሸው!

"ጋሼ፣ ማራገቢያዎን ለጥቂት ቀን ላጥፋብዎት?"

"እኔኑ አጥፊኝ አይሻልም ልጄ?"

"ለአራተኛው ሳጥን ብዬ ነው። ሞገዱን ሳይረብሽብኝ አይቀርም።"

"ለእሱ ከሆነማ..." አሉና ሶኬቱን በገዛ እጃቸው ነቀሉት። በባርኔጣቸው እያራገቡ፣ ላባቸው በአፍንጫቸው ጫፍ እየተንጠባጠበ ዋሉ። ቁጥሩ ግን እንደ ልማዱ ሲዘል ዋለ። "የሽማግሌ ንፋስ ቀምቼ ምንም ሳላተርፍ ቤቴ ገባሁ፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ" አለችኝ።

አለቀሰች እንጂ አልተወችውም። ወሩ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። በማግስቱ ከምሳ መልስ ወንበር ጎትታ፣ አራተኛው ሳጥን ፊት ተቀምጣ፣ ዓይኗን ከአንባቢው መስኮት ላይ ላትነቅል ወሰነች። ጋሼ ማራገቢያ "በርቺ ልጄ" ብለዋት በሰልፉ ጫፍ በኩል ወደ ኋላ አለፉ። ከሳጥኖቹ ጀርባ ማንም የማይሄድበት ጠባብ መተላለፊያ አለ። ጥቂት ቆይቶ ከዚያ በኩል የማጠፊያ ሲጥታ ሰማች። ቁጥሩ ከሰማንያ አልተነቃነቀም። ደግሞ ሲጥ አለ፤ ምንም። በመጨረሻ አንድ ጊዜ ሲጥ ሲል ሰማንያው ወደ አርባ ዘለለ።

ወንበሩን ገልብጣ ሮጠች።

የሳጥኖቹ የጀርባ በሮች አንድ በአንድ ተከፍተዋል። እያንዳንዱ እንዳይዘጋ ከሥሩ የእንጨት ቁራጭ ተወትፎበታል። ጋሼ ማራገቢያ ጎንበስ ብለው የሚቀጥለውን እየወተፉ ነው።

"ጋሼ! ምን እየሠሩ ነው?"

"በር እየከፈትኩ።"

"ለምን?"

"ይተንፍሱ እንጂ! እኔ ውጭ ሆኜ ላብ በላብ ነኝ፤ እነሱ ብረት ለብሰው ተዘግቶባቸው እንዴት ይሆናሉ?"

"ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚያደርጉት?"

ሽማግሌው ቀና አሉ።

"ባልሽ ከተቃጠለ ወዲህ" አሉ። "ያን ቀን ፓምፑ ጋ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ተሸክሜ ያወጣሁትም እኔ ነኝ። ሙቀቱ ውስጥ ለውስጥ ታፍኖ ነው የፈነዳበት ብዬ... ማንም አልነገረኝም፣ በራሴ ነው ያሰብኩት። ፀሐይ ስትበረታ እከፍትላቸዋለሁ፤ ወደ ቤቴ ስሄድ እዘጋለሁ። የፕላስቲክ መከለያውን አልፌ አልነካም፣ ሙች! ደመና ከሆነም አልከፍትም። ሌላ ሰው እንዳይጎዳ ብዬ ነው ልጄ።"

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ራዲዮ ልትቆጣ አፏን ከፍታ ነበር፤ ቁጣው ከየት ይምጣላት? እሷ ሴንሰር የተከለችው ለዚያው ሰው ብላ፣ እሳቸው በር የከፈቱት ለዚያው ሰው ብለው። ሁለቱም ሰው እንዳይቃጠል ሲደክሙ አንዱ የሌላውን ድካም እያፈረሰ ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሴንሰሮቹ ቃና ብዙ ዓይነት ስላልሆነ፣ የአራተኛውና የስድስተኛው ሳጥን ሴንሰሮች በአንድ ቃና የሚመልሱ ናቸው። የሠራቸው ሰው ብረቱ ይለያቸዋል ብሎ ነው፤ በሩ እስከተዘጋ ድረስም ይለያቸዋል። የጀርባ በሮቹ ሲከፈቱ ግን የአራተኛው ጥሪ መከለያውን አልፎ ይወጣል፣ ከኋላው ያለው የቆርቆሮ ግድግዳ ያነጥረዋል፣ ስድስተኛው ውስጥ ይገባል። አንድ ጊዜ ተጣርተው ሁለት "አቤት" ይመጣል። ስድስተኛውም በተራው ይረበሽ ነበር፤ የተጠባባቂ ፓምፕ ሳጥን ስለሆነ ግን ቁጥሩን የሚያይለት አልነበረም።

ኢንጂነሩ ተጠርቶ መጣ። ጋሼ ማራገቢያን "እስቲ ይክፈቱልኝ" አላቸው፤ ቁጥሩ ዘለለ። "ይዝጉልኝ" አላቸው፤ ረጋ። ደጋግሞ አስከፈተ፣ ደጋግሞ አስዘጋ። ከዚያ ፈገግ ብሎ "እንግዲያውስ አይዋሽም" አለ። ፈገግታው እዚያው ፊቱ ላይ ደረቀ። ራዲዮም በዚያው ቅጽበት ገብቷት ነበር። በሩ ተዘግቷል፤ ቁጥሩ ረግቷል፤ የረጋው ግን ዘጠና ላይ ነው። አርባ እያለ ያታልላቸው የነበረው ያረፈው የስድስተኛው ሳጥን መልስ ነው። የአራተኛው ግን ሰማንያ እያለ ሲጮኽ ከርሟል፤ ዛሬ ደግሞ ብሶበታል።

"ፓምፑን አቁሙ" አለ ኢንጂነሩ።

ኃይሉ ተቋረጠ፤ መቋረጡም ተረጋገጠ፤ መዳቡ እስኪቀዘቅዝም ተጠበቀ። ሳጥኑን የከፈተው ወንድሟ ነው። መካከለኛውን ብሎን በጣቱ ነካው፤ መፍቻ ሳያስፈልገው ዞረለት። ዙሪያው ያለው መዳብ ጠቁሯል።

"እትዬ፣ ይሄን በካሜራ ላየው ብዬ ፊቱ ቆሜ ቢሆን ኖሮ..." አለና ተወው። ምንም ሳይቀልድ መጋጠሚያውን አጸዳ፣ አዲስ ብሎን አስገባ፣ አጠበቀ። ከተማው ለጥቂት ሰዓት ውሃ ጠፋበትና ተማረረ፤ ምክንያቱን ያወቀ የለም። በዚያ ሳምንት ወንድሟ የሴት ልጅ አባት ሆነ። ሴንሰሮቹም አልተነሱም።

ራዲዮ ማራገቢያውን በራሷ እጅ ሰካችላቸው። ጋሼ ግን አንገታቸውን ደፍተው ሰነበቱ። ይህንን ባሏ ሲሰማ "ጋሼን አምጪልኝ" አላት። ከአደጋው በኋላ ዓይኑን ማየት ከብዷቸው ቤቱን ረግጠውት አያውቁም ነበር። መጥተው ሲቀመጡ በማይታጠፉት ጣቶቹ ጉልበታቸውን ነካ አደረጋቸው። "እኔን ያቃጠለኝ የላላ ብሎን ነው ጋሼ፤ የተዘጋ በር አይደለም። እርስዎማ ያወጡኝ ነዎት" አላቸው። ሽማግሌው "ተመስገን" ብቻ አሉ፤ እየደጋገሙ። እሳቸውስ በር መክፈቱን በዚያው ተዉት። ችግሩ ግን በዚህ አላበቃም፤ ይህንንም የሰማሁት ባለፈው እሑድ ቤታቸው ቁጭ ብለን ሳለ ነው።

"ጋሼ አሁን አይከፍቱም" አለች ራዲዮ። "ግን ነገሩ ከተሰማ ወዲህ ሌሎቹ ፈረቃዎች ከእሳቸው ተምረዋል። ለስንቱ ላስረዳ? አዲስ ሰው ይመጣል፣ ይሞቀዋል፣ ያዝናል፣ ይከፍታል።"

"ማስታወቂያ አልተለጠፈም?"

"ኧረ ተለጥፏል! 'መክፈት በጥብቅ የተከለከለ ነው' ይላል። በማግስቱ አንዱ ፎጣውን አስጥቶበት አገኘሁት።"

"ደረቀለት?" አለ ባሏ።

"አንተ ዝም በል!" ብላ ሳቀችና ወደ እኔ ዞረች። ሳቁ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ። "የፀሐዩ ወር ደርሷል። አንድ በር ከተከፈተ ቁጥሩ እንደገና ይዘላል፤ ሁለቴ ከዘለለ ማንም አያምነውም፤ ካልታመነ ደግሞ ካሜራው ይመጣል። እርስዎ ብዙ መጽሐፍ ያነባሉ። ሲጽፉም አይቻለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉልኝ። በሙቀት የተቃጠለ፣ ለማሽን እንኳን የሚራራ ደግ ሰው አንብቦት በሩን ሳይከፍት የሚመለስበት ይሁን። ትእዛዝ ግን አይሁን፤ ትእዛዝማ ፎጣ ሆነ።"

"አጭር ይሁን" አለ ባሏ፤ "ላብ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ነው የሚያነበው።"

"በየሳጥኑ ጀርባ እለጥፈዋለሁ" አለች። "ለማክሰኞ ያደርሱልኛል?"